ፓይል ተከልን፤ ከዚያስ? የድሬዳዋ አሸዋና የመሬት መንቀጥቀጥ

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌና የዶፈን አካባቢ ለወራት ሲናወጥ ከቆየ ወዲህ፣ ወደዚህ ዓምድ የሚደርሱን የግንባታ ጥያቄዎች ከጣሪያና ከቀለም ወደ መሠረት ወርደዋል። ደስ ብሎናል፤ መነሳት የነበረበት ጥያቄ ነው። ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡትን ሰብስበን ዛሬ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ላይ ጂ ፕላስ 4 ልጀምር ነው። አማካሪው 60 ሴንቲ ውፍረት ያለው፣ 12 ሜትር የሚገባ ፓይል (መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚተከል የኮንክሪት ምሰሶ) አዟል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ ግን ፓይል ከገባ የመሬት መንቀጥቀጥ ነገር አበቃ ማለት ነው? ጎረቤቴ «ፓይል ያለው ቤት ንቅንቅ አይልም» ይለኛል።
— አንባቢ፣ ከሳቢያን

መልስ፦ አላበቃም፤ ቤቱም ይነቃነቃል። ፓይል የሕንፃውን ክብደት ከልሉ አፈር አሳልፎ ታች ጠንካራው ላይ ያሳርፋል። ቤቱ ከዓመት ዓመት እንዳይሰጥም፣ እንዳያዘም ይረዳል፤ ለዚህ ሥራ አስተማማኝ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን በቁም ከሚወርደው ክብደት ሌላ ሁለት የጎን ኃይሎች ይመጡበታል።

አንዱ ከላይ ነው የሚመጣው። ሶሌታው፣ ግድግዳው፣ ጣሪያ ላይ ያለው ውሃ የሞላ ሮቶ ሳይቀር ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ኃይሉ በኮለኖቹ ወርዶ የፓይሉን አናት ወደ ጎን ይገፋል። የማዕዘን ፓይሎችን ደግሞ አንዴ ቁልቁል ይጫናቸዋል፣ አንዴ ሽቅብ ይነቅላቸዋል። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በሸክላ አፈር ሰበቃ ብቻ ተይዞ የነበረ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ከነፓይሉ ተነቅሎ ወድቋል።

ሁለተኛው ኃይል ከአፈሩ ከራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። ላይኛው ልል አሸዋ ብዙ ይንሸራተታል፤ ታችኛው ጥብቅ የጠጠር ንብር ጥቂት ብቻ። ፓይሉ ሁለቱንም ተከትሎ መሄድ ስላለበት፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ጥልቀት ላይ ይታጠፋል። ላዩ ላይ ምንም ሕንፃ ባይኖር እንኳ ይታጠፋል።

በ1964 (እ.ኤ.አ.) የጃፓኗ ኒጋታ ከተማ ከተናወጠች በኋላ የብሮድካስት ድርጅቱ ኤን ኤች ኬ ሕንፃ ተጠግኖ ለ20 ዓመት ያህል አገልግሏል። በኋላ ቦታው ሲቆፈር ፓይሎቹ ሁለት ቦታ ተሰብረው ተገኙ፦ አንደኛው ወደ አናታቸው፣ ሁለተኛው በመንቀጥቀጡ እንደ ፈሳሽ ሆኖ የነበረው አሸዋ ወደሚያልቅበት። ያን ሁሉ ዘመን ላይ ሆኖ ይህን የሚያይ ዓይን አልነበረም።

ስለዚህ አማካሪዎን «ፓይል አለው ወይ?» ብለው ሳይሆን «ፌሮው የት ድረስ ይወርዳል?» ብለው ይጠይቁ። በአገራችን የሚሠራበት የመሬት መንቀጥቀጥ ንድፍ ስታንዳርድ፣ ኢኤስ ኢኤን 1998፣ ሁለት ቦታዎች ላይ ጥብቅ ስታፋ (ቋሚውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያስር ቀለበት) ይፈልጋል። የመጀመሪያው ከፓይል ካፑ (የፓይሎቹን አናት ከሚያስረው ኮንክሪት) ሥር የፓይሉን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ ለእርስዎ 1.20 ሜትር ማለት ነው። ሌላው ጥንካሬያቸው እጅግ የሚለያይ ሁለት ንብሮች የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ እዚያም ከመገናኛው 1.20 ሜትር ወደ ላይ፣ 1.20 ሜትር ወደ ታች። ቋሚው ባለ 16 ፌሮ ከሆነ የስታፋው ርቀት ከፌሮው ውፍረት 8 እጥፍ አይበልጥም፤ 12.8 ሴንቲ ይመጣል፣ ሳይት ላይ 12 ብለው ይያዙት። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ታጥፎ የቀረ መሆን የለበትም፤ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ውስጥ ይግባ።

የቋሚው ፌሮ ዝቅተኛ መጠን ደግሞ ለባለ 60 ሴንቲ ፓይል 14.1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 16 ፌሮ 8 ዘንግ ቢገባ 16 ይሞላል። ይህ ግን የዝቅታው ወለል ነው፤ የመንቀጥቀጡ ስሌት ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ይችላል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ፌሮውን ግማሽ መንገድ ላይ አቁሞ የቀረውን ፌሮ በሌለው ኮንክሪት መጨረስ የተለመደ ነው። ክብደት ለመሸከም ብቻ ቢሆን ያስኬዳል። የንብር መገናኛው ፌሮው ካለቀበት በታች ከሆነ ግን ፓይሉ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አንድም ብረት የለም ማለት ነው። ወፍራም ፓይል መምረጥም ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም፤ ወፍራሙ ለመታጠፍ እምቢ ስለሚል አፈሩ የበለጠ ኃይል ያሳርፍበታል።

ጥያቄ፦ ከዚራ የምንሠራው ሕንፃ የአፈር ምርመራ ላይ 6 ሜትር ሲደርስ ኤስ ፒ ቲው 50 መትቶ አልገባም አለ። ሪፖርቱ «ዐለት» ይላል። መሠረቱን በዚህ ልንነድፍ ነው። የሚያሰጋ ነገር አለው?
— ወጣት መሐንዲስ፣ ከከዚራ

መልስ፦ በጣም ያሰጋል። ለድሬዳዋ ከዚህ የበለጠ ጠቃሚ ጥያቄ አልደረሰንም።

ኤስ ፒ ቲ ማለት 63.5 ኪሎ መዶሻ ከ76 ሴንቲ ከፍታ እየተለቀቀ ናሙና መያዣው ቱቦ 45 ሴንቲ እስኪገባ ምት መቁጠር ነው፤ የሚያዘው የመጨረሻው 30 ሴንቲ ምት ነው። የቱቦው ውስጠኛ ስፋት 3.5 ሴንቲ ገደማ ብቻ ስለሆነ የቡጢ ያህል ድንጋይ አፉ ላይ ከተቀመጠ መዶሻው ይነጥራል። ከኋላችን ካለው ተራራ የሚወርዱት ወንዞች ከአሸዋው ጋር ትልልቅ የኖራ ድንጋይ፣ የአሸዋ ድንጋይና ጥቁር ድንጋይ ሲያወርዱ ኖረዋል። ስለዚህ «አልገባም» ማለት «ዐለት ደረስን» ማለት አይደለም፤ አንድ ቋጥኝ ሊሆን ይችላል፣ ከሥሩም ልል አሸዋ።

ማሽኑ ከሳይት ሳይወጣ በኮር (ድንጋዩን ቆርጦ እንደ ዘንግ በሚያወጣ ቱቦ) ቢያንስ 3 ሜትር ወደ ውስጥ ያስቆርጡ። ከዚያ የወጣውን ኮር በሳጥኑ ውስጥ እንዳለ ዓይንዎን ጥለው ይዩት። መጀመሪያ የኖራ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ የአሸዋ ድንጋይ ከሆነ፣ ጫፎቹም ድቡልቡል ከሆኑ፣ ያ የተከመረ ቋጥኝ ነው፤ ዐለት እንዲህ አይፈራረቅም። በመካከሉ ኮር ያልተገኘባቸው ክፍተቶች ካሉም ውሃው አጥቦ የወሰደው አሸዋ ሊሆን ይችላል። ጥርጣሬው ካልጠራ ከጉድጓዱ 2 ሜትር ሸሽቶ ሌላ መቆፈር ነው። ፓይል የታሰበ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ከፓይሉ ጫፍ በታች ቢያንስ 5 ሜትር ይውረድ።

ስሕተቱ የሚያስከፍለው እንዲህ ነው። በስታንዳርዱ ዐለት ምድብ ኤ ነው፤ የመንቀጥቀጥ ሞገድ በውስጡ የሚያልፍበት ፍጥነት በሰከንድ ከ800 ሜትር በላይ፣ የመንቀጥቀጡን ኃይል የሚያሳድገው የአፈር ማባዣ 1.0። ከ5 እስከ 20 ሜትር ውፍረት ያለው ልል ደለል ዐለት ላይ ሲተኛ ምድብ ኢ ይሆናል፤ ማባዣው በዓይነት 1 ስፔክትረም (ስታንዳርዱ ለትልልቅ መንቀጥቀጦች በሚጠቀምበት የስሌት ኩርባ) 1.4። ቦታው በእውነቱ ኢ ሆኖ «ኤ» ብለው ከነደፉ መሬቱ የሚያመጣውን ኃይል ከጅምሩ አሳንሰው ገምተዋል። በተጨማሪም አንዱ ፓይል ቋጥኝ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤቱ አሸዋ ውስጥ ይቀራል።

ጠጠር ሌላም ነገር ይደብቃል። በጠጠራማ አሸዋ ውስጥ ምቱ ከእውነቱ በላይ ስለሚነበብ ልሉ አሸዋ ጥብቅ መስሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ በምት ቁጥር ብቻ አይተማመኑ፤ በመሬት ገጽ ላይ በሚዘረጉ ጂኦፎኖች (ንዝረት የሚቀበሉ መሣሪያዎች) የሞገድ ፍጥነቱን ማስለካት አዲስ ጉድጓድ አይጠይቅም፣ ድንጋይም አያታልለውም።

ጥያቄ፦ እኛ ከፈንታሌ ሩቅ ነን። ርቀቱ አያድነንም እንዴ?
— ከመጋላ

መልስ፦ ርቀት ይረዳል፤ አፈሩ ግን የረዳውን መልሶ ሊወስድ ይችላል። ሜክሲኮ ሲቲ በ1985 የተጎዳችው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በተነሳ መንቀጥቀጥ ነው። የድሮው ሐይቅ ጭቃ 2 ሰከንድ ገደማ በሆነ ምት (አንዴ ወዲያና ወዲህ ለመወዛወዝ በሚፈጀው ጊዜ) ተወዛወዘ፤ በዚያው ምት የሚወዛወዙት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ክፉኛ ተመቱ።

እዚህ ያለው አፈር የሐይቅ ጭቃ አይደለም፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። የአፈሩን ውፍረት በ4 አባዝተው በሞገዱ ፍጥነት ሲያካፍሉ የአፈሩ ምት ይወጣል። 30 ሜትር ውፍረት፣ በሰከንድ 200 ሜትር ፍጥነት ያለው አሸዋ 0.6 ሰከንድ ይሰጣል። 16 ሜትር ቁመት ያለው ባለ ኮንክሪት ፍሬም ሕንፃ፣ ማለት የተለመደው ጂ ፕላስ 4፣ በስታንዳርዱ ቀመር የሚያወጣው ምት 0.6 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ሲገጣጠሙ አፈሩ ሕንፃውን በየምቱ እየጨመረ ይገፋዋል። በዚያው ቦታ ጂ ፕላስ 1 ቢሠራ ምቱ ስለሚያጥር እንዲያ አይጋጠምም።

ደግሞም ድሬዳዋ ራሷ በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሥር ነው የተቆረቆረችው። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ፣ በ1961 ዓ.ም. የሰርዶ መንቀጥቀጥ ቤቶችን ያፈረሱት በዚሁ በአፋርና በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ አካባቢ ነበር። የ1995ቱ (እ.ኤ.አ.) የግንባታ ደንብ የተሠራው በ100 ዓመት አንዴ ለሚጠበቅ መንቀጥቀጥ ሲሆን ትልቁ የመሬት ፍጥንጥነት የመሬት ስበት ፍጥንጥነት 0.1 እጥፍ ነበር፤ የ2015ቱ 475 ዓመት ወስዶ ወደ 0.2 አሳድጎታል። መሐንዲስዎ ዛሬም በአሮጌው ደንብ የሚያሰላ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ቤታችን ደጫቱ ወንዝ ዳር ነው። አሸዋ ሲንቀጠቀጥ ውሃ ይሆናል የሚባለው እውነት ነው? ልጆቼ በጣም ፈርተዋል።
— እናት፣ ከደጫቱ አካባቢ

መልስ፦ እውነት ነው፤ ግን አሸዋ ሁሉ አይሆንም፣ እናታችን። ሦስት ነገር አንድ ላይ መገኘት አለበት፦ አሸዋው ልል መሆን፣ በውሃ መጥገብ፣ መንቀጥቀጡም በቂ ኃይልና ርዝመት ያለው መሆን። ልል አሸዋ ሲናጥ ይጠጋጋል፤ በመካከሉ ያለው ውሃ መውጫ ሲያጣ ግፊቱ ጨምሮ ቅንጣቶቹን ያላቅቃል፤ ያኔ አፈሩ ክብደት መሸከም ያቆማል። አሸዋው ደረቅ ከሆነ ይህ አይሆንም፤ ተጠጋግቶ ጥቂት ይሰጥማል እንጂ።

የደጫቱ አልጋ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ መስሎ ይታያል። ወሳኙ ግን ላይ የሚታየው ሳይሆን ከሥር ያለው ውሃ ነው። ስለዚህ የውሃው ጥልቀት መለካት ያለበት በደረቁ ወራት አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ጭምር ነው፤ ምርመራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ውስጥ ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ቱቦ እንዲተው ይጠይቁ፣ ከዚያ በገመድ ማንም ይለካዋል። ከ15 ሜትር በታች ያለ አሸዋ ፓይል ለሌለው ቤት አያሳስብም። ከዚያ በላይ ያለው ንጹሕ አሸዋ ደግሞ የተስተካከለው የኤስ ፒ ቲ ምት ቁጥሩ ከ30 በላይ ከሆነ፣ መጠነኛ መንቀጥቀጥ በሚጠበቅበት ቦታ ስታንዳርዱ ከሥጋት ያወጣዋል።

የበለጠ የምንሰጋው ለሙሌት ነው። ከሐምሌ 1998ቱ ጎርፍ ወዲህም ሆነ ከዚያ በፊት፣ ወንዝ ዳር በደለልና በፍርስራሽ ተሞልቶ የተሠራበት መሬት ሳይጠቀጠቅ ተገፍቶ የተደፋ ከሆነ በመንቀጥቀጥ ወደ ወንዙ ሊንሸራተት ይችላል፤ ፓይል እንኳ ቢኖር አፈሩ ፓይሉን ይዞ ይገፋል። ልጆቹን ለማረጋጋት አሁን ሊደረግ የሚችለው በግቢው ወንዝ ፊት ለፊት ባለው ወገን፣ ከዳርቻው ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ መኖሩን ማየት ነው። ካለና እየሰፋ ከሄደ ባለሙያ ይምጣ፤ ውሃ ወደዚያ እንዳይፈስም አሸንዳውን ያዙሩት።

ጥያቄ፦ ፎርማን ነኝ። አሸዋ ውስጥ ፓይል ስናወጣ ግድግዳው እየናደ አስቸገረን። ኮንክሪት ከሞላን በኋላ ፓይሉ ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?
— ከመልካ ጀብዱ

መልስ፦ ወንድማችን፣ የፓይል ዕጣ የሚወሰነው በእናንተ እጅ ነው፤ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢያምር።

ደረቅ ልል አሸዋ ያለ ኬዚንግ (የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዝ ቱቦ) አይቆምም። የብረት ኬዚንጉ ከመቆፈሪያው እኩል ወይም ቀድሞ ይውረድ። ውሃ ካለና በቤንቶናይት (ግድግዳው እንዳይናድ በሚሞላ የሸክላ ብጥብጥ) የምትሠሩ ከሆነ የቤንቶናይቱ ከፍታ ከከርሰ ምድሩ ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር በላይ ይሁን፤ ሲወርድ ነው ግድግዳው የሚናደው። ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት በቤንቶናይቱ ውስጥ ያለው አሸዋ ከ4 በመቶ በታች መሆኑን ለኩ፤ አለበለዚያ ታች ይዘቅጥና ፓይሉ በለስላሳ ደለል ላይ ይቆማል። ቋጥኝ ሲያጋጥም በከባድ ብረት መቀጥቀጥ ዙሪያውን ያላላል፣ ጉድጓዱንም ያጣምማል፤ መዝመሙ በአንድ ሜትር ከ2 ሴንቲ እንዳይበልጥ ተከታተሉ።

ኮንክሪቱ በትሬሚ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ይሞላ፤ የቱቦው ጫፍ ሁልጊዜ 2 ሜትር ያህል ኮንክሪቱ ውስጥ ጠልቆ ይቆይ። አንድ ጊዜ ከኮንክሪቱ ከወጣ ፓይሉ መሐል ላይ የጭቃ ንብር ቀረ ማለት ነው፤ መንቀጥቀጥ ሲመጣ የሚቆረጠው እዚያው ነው። በውሃ ውስጥ ለሚሞላ ኮንክሪት በሜትር ኩብ 375 ኪሎ ሲሚንቶ፣ ሰባት ተኩል ከረጢት መሆኑ ነው፤ ስላምፑ (የኮንክሪቱ የቅጥነት ልክ) ከ18 እስከ 22 ሴንቲ። በድሬ ሙቀት ይህ ስላምፕ ቶሎ ይወርዳል። ኮንክሪቱን ሌሊት ወይም ማለዳ ሙሉት፣ የመጠንከሪያ ጊዜ የሚያዘገይ አድሚክስቸር አማካሪው ይፍቀድ፤ ውሃ ጨምሮ ማቅጠን ግን ፈጽሞ አይሁን።

ደህንነቱን ለማወቅ መጀመሪያ ኮንክሪቱን ቁጠሩ። ባለ 60 ሴንቲ፣ 12 ሜትር ፓይል በስሌት 3.4 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ከዚያ ያነሰ ከወሰደ ግድግዳው ተንዶ ፓይሉ አንድ ቦታ ቀጥኗል፤ እጅግ የበዛ ከወሰደም የሆነ ቦታ ዋሻ ሞልቷል። በየሜትሩ መዝግቡ፣ በድምሩ ብቻ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ በትንሽ መዶሻ አናቱን መትቶ ድምፁ ተመልሶ ሲመጣ የሚያነብ የኢንቴግሪቲ ፍተሻ አለ፤ በርካሽ ይሠራል።

የመጨረሻው አደጋ አናቱን ሲሰብሩ ነው። ላይ የሚቀረው ጭቃ የተቀላቀለ ኮንክሪት እስከ ጤነኛው ድረስ መነሳት አለበት፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ከፍታ በላይ ትርፍ ይሞላ። ጎድሎ ከተገኘ ግን በፓይሉና በካፑ መካከል ያለውን ክፍተት በሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ባነሰ ደካማ ኮንክሪት) መድፈን ትልቅ ጥፋት ነው፤ ኃይሉ ከሁሉ የሚበረታው እዚያ ነው። ካለው ፌሮ ጋር በካሳፎርማ፣ በሙሉ ጥራቱ ኮንክሪት ይቀጠል። ወደ ካፑ የሚገባው ፌሮ ደግሞ ለባለ 16 በተለምዶ ከ60 ሴንቲ በላይ ነው፤ ለሥራ አስቸገረ ተብሎ አይቆረጥም።

ጥያቄ፦ ጂ ፕላስ 1 ቤት ነው የምሠራው። ፓይል ያስፈልገኛል?
— ከገንደ ቆሬ

መልስ፦ ከሥር ልል ሙሌት ወይም ፈሳሽ የሚሆን አሸዋ ካልተገኘ አያስፈልግዎትም። ያንን ገንዘብ ፉቲንጎቹን (ከኮለኖቹ ሥር ያሉትን የመሠረት እግሮች) እርስ በርስ በማሰር ላይ ያውሉት። ስታንዳርዱ እስከ ሦስት ፎቅ ላለ ሕንፃ የማሰሪያው ቢም ቢያንስ 25 በ40 ሴንቲ፣ ከዚያ በላይ ላለ 25 በ50 ይላል። ለ25 በ40 ላይ 2፣ ታች 2 ባለ 16 ፌሮ ዝቅተኛውን ይሞላል።

አብዛኛው ሳይት ላይ የምናየው ጉድለት የቢሙ ቦታ ነው። ፉቲንጉ 2 ሜትር ታች፣ ግሬድ ቢሙ (ኮለኖቹን የሚያስረው ቢም) መሬት ላይ፤ በመካከላቸው ያለው የኮለን እግር ብቻውን ይቀራል። ያ አጭር ግንድ ግትር ስለሆነ የጎኑን ኃይል ወደ ራሱ ስቦ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ከመሬት በታች ስለሆነም አይታይም። ደንቡ የሚለው የማሰሪያው ቢም ግርጌ ከፉቲንጉ አናት በታች ይሁን ነው። ግሬድ ቢሙን መሬት ላይ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ ታች ሌላ ማሰሪያ ይጨመር።

ጥያቄ፦ ሐረር ቁልቁለት ላይ ቤት ልሠራ መሬቱን ቆርጬ ደልድያለሁ። ግማሹ ዐለት፣ ግማሹ የተሞላ ነው። ሙሌቱ ጋ ብቻ ፓይል ላድርግ?
— ከሐረር

መልስ፦ እንዲያ አያድርጉ። ዐለቱ ላይ ያረፉት አጫጭር ኮለኖች ግትር፣ ፓይሉ ላይ ያሉት ልል ስለሚሆኑ ቤቱ ሲናወጥ ይጠመዘዛል፤ ኃይሉም ዐለቱ ላይ ባሉት ጥቂት ኮለኖች ላይ ይከመራል። የሚሻለው የተሞላውን ቆፍሮ ፉቲንጎቹን ሁሉ በደረጃ ወደ ዐለቱ ማውረድና በሁለቱም አቅጣጫ ማሰር ነው። ዐለቱ እጅግ ጥልቅ ከሆነ ደግሞ ቤቱን በመገጣጠሚያ ክፍተት ለሁለት መክፈል ይቻላል። ቦታው ጫፉ ጠበብ ያለ፣ ቁልቁለቱ ከ15 ዲግሪ የበለጠ ኮረብታ አናት ላይ ከሆነ፣ መሐንዲስዎ በስታንዳርዱ መሠረት ኃይሉን ቢያንስ በ1.2 ማባዛቱን ያረጋግጡ፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ በ1.4።